ከጾም ወደ ፍስክ፦ ስለ በዓል ምግብና ስለ ልባችን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶሮውን በላ፣ ጠላውን ጠጣ፣ ተጫውቶ ተኛ። ሲነጋ ቁርጡ ተጨመረበት። ረፋዱ ላይ ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነበት መሰለው፣ ላብ አጠመቀው። «ጨጓራዬ ነው፣ ዶሮው ከብዶኝ ነው» አለ። እኛም አመንነው። አንዱ ወተት አመጣ፣ ሌላው ጋዝ ያለው ውሃ፣ አንዷ ጀርባውን አሸችው። ሐኪም ቤት የደረሰው ሊመሽ ሲል ነው። ተመስገን፣ በሕይወት አለ። ግን ከልቡ ጡንቻ ከፊሉ በዚያች ቀን ሞቷል። ዛሬ አንድ ፎቅ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ቆሞ ያርፋል።

ከዚያ ወዲህ በዓል በቀረበ ቁጥር ዘመድም ጎረቤትም ስለዚህ ነገር ይጠይቀኛል። ያነበብኩትንና ሐኪሞቹን እየጠየቅኩ የተማርኩትን እነሆ። መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ግን የራሳችሁን ነገር ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት፣ ይኼ ጽሑፍ ሐኪማችሁን አይተካም።

በዓመት አንድ ቀን ብጠግብ ልቤ ምን ይሆናል?

ልቡ ጤነኛ የሆነ ሰው በአንድ ማዕድ የደም ስሩ አይዘጋም። መዘጋት የዓመታት ሥራ ነው። ችግሩ የደም ስራቸው ቀድሞ የጠበበ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ መጥበቡን አያውቁም። ስለማያማቸው ጤነኛ ነን ብለው ከትሪው ዙሪያ ይቀመጣሉ።

ሆድ ከመጠን በላይ ሲሞላ ብዙ ደም ወደ አንጀት ይሄዳል። ልብ ያንን ለማሟላት ፈጠን ብሎ ይመታል፣ ሥራው ይበዛበታል። ስቡ ደግሞ ወደ ደም ይገባል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከሰባ ምግብ በኋላ ለሦስትና አራት ሰዓት እየጨመረ ይሄዳል፣ በዚያ ጊዜ የደም ስሮች እንደ ወትሮው ዘና ብለው አይሰፉም። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የልብ ማኅበር ጉባኤ የቀረበ ጥናት የልብ ድንገተኛ ሕመም ደርሶባቸው የዳኑ 2 ሺህ ያህል ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከወትሮው በጣም የከበደ ምግብ ከተበላ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ አደጋው ወደ አራት እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ሌላም አለ። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2013 የተመዘገቡ ከ280 ሺህ በላይ የልብ ድንገተኛ ሕመሞች ሲታዩ፣ የገና ዋዜማ ከሌላው ቀን በ37 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የባሰው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ምግቡ ብቻ አይደለም፣ መጠጡም፣ ድካሙም፣ የቤተሰብ ጭቅጭቁም፣ ሐዘኑም አለበት። እውነቱን ለመናገር በዚያው ጥናት በፋሲካ ጭማሪ አልታየም። ግን ስዊድኖች ፋሲካን የሚቀበሉት ከ55 ቀን ጾም ወጥተው በአንድ ሌሊት ዶሮ፣ ክትፎና ቁርጥ ላይ አይደለም።

55 ቀን ጾሜያለሁ እኮ፤ ሰውነቴ ጸድቶ የለም እንዴ?

ጾሙ ጠቅሟችኋል፣ በዚህ ጥርጥር የለኝም። ሁለት ወር ሙሉ ቅቤ፣ ሥጋና ወተት ሳይነካ፣ ምስርና ሽሮ፣ ጎመንና ተልባ የበላ ሰው መጥፎው ኮሌስትሮል ይወርድለታል። በግሪኳ ቀርጤስ ደሴት ኦርቶዶክስ ጿሚዎች ላይ የተደረገ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። (ጾሙን በዘይት በተጠበሰ ሳምቡሳና በፓስቴ ያሳለፈ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው።)

ነገር ግን የወረደ ኮሌስትሮል እንደ ዕቁብ ገንዘብ ተቀምጦ ኋላ የሚወጣ አይደለም። አበላል ሲለወጥ እሱም ይለወጣል። እኔን ከሌሊቱ ማዕድ በላይ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የቅርጫው ሥጋ አለ፣ ቋንጣው አለ፣ ሰርጉ በዚያው ወቅት ይደራረባል። የፋሲካ ሌሊት የበላነውን ሰውነታችን ይችለው ይሆናል። 50 ቀን ሙሉ በየቀኑ የሰባ መብላት ግን የጾሙን ጥቅም ጠራርጎ ይወስደዋል።

ሆዳችሁም ስብ ረስቶ ነው የሚከርመው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በአንዴ ሲጫንበት ይነፋል፣ ቃር ይነሳል፣ ያቅለሸልሻል። እናቶቻችን ቀድሞ ተልባ የሚያጠጡን ለዚሁ ነው፣ ትክክልም ናቸው። ሌሊት ተልባውን ጠጥታችሁ፣ ከዶሮው ትንሽ ቀምሳችሁ ተኙ። ዶሮው የትም አይሄድም። እንዲያውም ሲያድር ይጣፍጣል።

ተልባ ጠጥቼ ብበላ፣ ወይም ከምግብ በኋላ አረቄ ብወስድ ስቡን አያወጣውም?

ተልባ ጥሩ ነው፣ አሰርም ጥሩ ዘይትም አለው። የበላችሁትን ቅቤ ግን አይሰርዝም። አረቄው ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒ ነው። «ስብ ይቆርጣል» የሚባለው ጉሮሮን ስለሚያቃጥልና ለጊዜው ሆድ ቀለል ያለ ስለሚመስል ነው። ጉበት አልኮል ሲመጣበት ስቡን ትቶ አልኮሉን ይይዛል፣ በደም ውስጥ ያለው ስብ ይባስ ይጨምራል።

ከበዓሉ ምግብ ልብን የሚጎዳው የትኛው ነው? ሥጋው?

ሰው ሁሉ ሥጋውን ነው የሚከስሰው። እኔ ግን መጀመሪያ ቅቤውንና ጨውን እጠራለሁ።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ውስጥ 8 ግራም ገደማ የሚረጋ ስብ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፣ በቀን 2 ሺህ ካሎሪ ለሚበላ ሰው ከ22 ግራም ያነሰ ነው። ስለዚህ ሦስት ማንኪያ ቅቤ የቀኑን ድርሻ ይጨርሰዋል፤ ሥጋው፣ አይቡና ወተቱ ገና ሳይቆጠሩ። ለስለስ ያለ ክትፎ ሲሠራ ያየ ሰው ሦስት ማንኪያ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገባ ያውቃል። ዶሮ ወጥም ያው ነው። ደግሞ ላዩ ላይ የጠለለው ቅቤ ነው በእንጀራ እየተጠቀሰ የሚያልቀው። እንቁላሉን ያን ያህል አትፍሩት፣ ለአብዛኛው ሰው አንድ እንቁላል ከዚያ ሁሉ ቅቤ ጋር አይወዳደርም።

ጨው ደግሞ ተደብቆ ነው የሚመጣው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሚጥሚጣው ጨው አለው። ቋንጣው በጨው ነው የደረቀው። ከዚያ ወጡ ሲወጣ ቀምሰን «ጨው አነሰው» እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የሰው አማካይ ፍጆታ ከ8 ግራም በላይ ነበር፤ ያም የዓመት በዓል ሳይሆን የአዘቦት ቀን ነው። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ ግፊት ይወጣል፣ ልብ ይደክማል።

ምን ይሻላል? ወጡን የምትሠሩት እናንተ ከሆናችሁ ሽንኩርቱን አብዙና በደንብ አቁላሉት፣ ቅቤውን በግማሽ ቀንሱት፣ ቅመሙን አትቀንሱ። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ካለ ሰው ልዩነቱን አይነግራችሁም። ቤታችን ሦስት ፋሲካ እንዲህ አሳልፈናል፣ እስካሁን ቅቤ አነሰው ያለ እንግዳ የለም። ማዕዱ ላይ ደግሞ ጎመኑንና ሰላጣውን አታባርሩ። ጾም አለቀ ተብሎ ጎመን ከቤት ሲጠፋ አይገባኝም።

ትንሽ መጠጥ ለልብ ጥሩ ነው ሲባል ሰምቻለሁ?

ለልብ ብሎ መጠጥ መጀመርን የሚመክር ጠንቃቃ ሐኪም ዛሬ አታገኙም። በዓል ላይ ደግሞ «ትንሽ» የሚባለው ነገር የለም፤ ጠላው ከረፋድ ይጀምራል፣ ጠጁ ይከተላል፣ ማታ ቢራና ውስኪ ይመጣል።

ይኼ ነገር በሕክምናው ስም ወጥቶለታል፦ «የበዓል ልብ»። እ.ኤ.አ. በ1978 ፊሊፕ ኢቲንገር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሌላ ግልጽ የልብ በሽታ ሳይኖርባቸው፣ አብዝተው ከጠጡ በኋላ የልብ ምታቸው ተዛብቶ ሆስፒታል የገቡ 24 ሰዎችን አጥንተው ነው ስሙን ያወጡት። ሕመምተኞቹ በብዛት የሚመጡት ከሳምንት መጨረሻና ከበዓል በኋላ ነበር። የላይኛው የልብ ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው «ልቤ ይዘላል፣ ይርገበገባል» ይላል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ያዞረዋል። ብዙ ጊዜ መጠጡ ሲቆም በአንድ ቀን ውስጥ ይመለሳል። አንዳንዴ ግን ደም እዚያው ይረጋና ወደ አንጎል ይሄዳል፣ ስትሮክ ያመጣል። ስለዚህ በማግስቱ ልባችሁ ያለ ሥርዓት የሚመታ ከሆነ «ሀንጎቨር ነው» ብላችሁ አትተኙበት፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሱ።

ዛሬ ስለምጠጣ ኪኒኔን ብተወውስ?

በዚህ ጉዳይ ላይ እለምናችኋለሁ። የግፊት ኪኒኑን ትቶ ጨውና መጠጥ የጨመረ ሰው ሁለቱን አደጋ አንድ ላይ ነው የጠራው። መተው ካለበት መጠጡ ይተው። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የመሳሰሉት የግፊትና የልብ ኪኒኖች ደግሞ በድንገት ሲቋረጡ በራሳቸው አደጋ ያመጣሉ።

የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች የሽንት ኪኒናቸውን በዓል ላይ ይዘሉታል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቅዳሴ ላይ ወይም መንገድ ላይ ሽንት ቤት መመላለስ ያስቸግራል። ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር አስተካክሉት እንጂ አትዝለሉት። ቤት ሚዛን ካለ በበዓሉ ሳምንት በየጠዋቱ ተመዘኑ። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመራችሁ ያ ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው። እግር ካበጠ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠረ ወደ ሐኪም ነው።

ዋርፋሪን የሚባለውን ደም የሚያቀጥን ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ አላችሁ። አገራችን ውስጥ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልብ በራቸው ተጎድቶ የተቀየረላቸው ብዙ ወጣቶች አሉ። ይህን ነገር የሚነግራቸው ሰው ስለማይገኝ ጠንከር አድርጌ ልጻፈው። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። በጾሙ ጊዜ በየቀኑ ጎመን ስትበሉ ቆይታችሁ በፋሲካ በአንዴ ስታቆሙ፣ ያው መጠን የነበረው ኪኒን ደማችሁን ከሚገባው በላይ ሊያቀጥነው ይችላል። ላዩ ላይ ብዙ መጠጥ ሲጨመር ይብሳል። ጎመኑን በጾምም በፍስክም ተመጣጣኝ አድርጋችሁ ብሉ፣ ከበዓሉ በፊትና በኋላ የደም መቅጠን ምርመራችሁን አሠሩ፣ መጠኑን ግን በራሳችሁ አትቀይሩ። ድድ ከደማ፣ ሰገራ ከጠቆረ ቀጠሮ አትጠብቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለማግስቱ ራስ ምታት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ ልማድ ሆኗል። ግፊትና የልብ ድካም ላለበት ሰው እነዚህ አይሆኑም። ዋርፋሪን ለሚወስድማ ጭራሽ።

የቅርጫ ሥጋ ጥሬውን ብበላ ለልቤ ይብሳል?

ለልብ ጥሬ ሆነ የተጠበሰ ለውጡ ብዙ አይደለም፣ የሚለየው ጮማውና መጠኑ ነው። ጥሬ ሥጋ ሌላ ጣጣ አለው፣ ኮሶውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅርጫ ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ሥጋው እጃችሁ ላይ ስለሆነ ጮማውን ለይታችሁ ማስቀረት ትችላላችሁ። ከፋፍላችሁ አስቀምጡት። መብራት ይጠፋል ብሎ በሦስት ቀን መጨረስ ግዴታ አይደለም፣ ለጎረቤት ይሰጣል።

ሰው ቤት ስሄድ «በሞቴ» ሲሉኝ እንዴት እምቢ ልበል?

ይኼ ከባዱ ጥያቄ ነው። በበዓል ቀን አራት ቤት የሚዞር ሰው አራት ጊዜ ምሳ ይበላል። እምቢ ሲል ኩራት ይመስላል፣ ባለቤቷ ቅር ይላታል። እኔን የሠራልኝ ዘዴ፦ የመጀመሪያው ቤት ሄጄ አልጠግብም፣ ሁሉም ቤት ጥቂት እቀምሳለሁ፣ ሳህኔን ራሴ አነሳለሁ። ጉርሻ ሲመጣ አንዷን በደስታ እቀበላለሁ። ከዚያ መልሼ አጎርሳለሁ። የሚያጎርስ ሰው አይጎረስም፣ ሞክሩት።

ለምታስተናግዱትም አንድ ልመና አለኝ። ሰው «ልብ አለብኝ»፣ «ግፊት አለብኝ» ካላችሁ «ለዛሬ ምንም አይልህም» አትበሉት። አጎቴ አሁን በየቤቱ ይህን ነው የሚሰማው። አንዴ እምቢ ማለት አያደክምም። አሥረኛው ላይ ግን ሰው ይሸነፋል። ያለ ቅቤ የተሠራ አልጫ ለብቻ አስቀምጣችሁ «ይኼ ለአንተ ነው» ብትሉት፣ ከመቶ ጉርሻ በላይ ፍቅር ነው።

ከበላሁ በኋላ ልተኛ ወይስ ልንቀሳቀስ?

ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። 20 ደቂቃ ሰፈሩን መዞር፣ ዘመድ ጥየቃ በእግር መሄድ ይበቃል፣ ስኳሩም የደም ስቡም ይቀንሳል። ሆድ ሞልቶ ሩጫ፣ ኳስ፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት ግን አይሆንም። መተኛት ካለባችሁም ሁለትና ሦስት ሰዓት ይለፍ።

ውጭ አገር ነው የምኖረው፤ እዚህስ?

አሜሪካ ያለ አበሻ የበዓሉ ሰሞን ይረዝምበታል። በእነሱ ኅዳር መጨረሻ የምስጋና በዓላቸው ታንክስጊቪንግ አለ፣ የነቢያት ጾም ደግሞ በእኛ ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ የፈረንጆች ገና፣ አዲስ ዓመታቸው፣ ከዚያ የእኛ ገና። እዚያው አሜሪካ የብዙ ዓመት የሞት መዝገብ ሲታይ፣ በልብ ምክንያት የሚሞተው ሰው ቁጥር በታኅሣሥ 25 እና 26 እንዲሁም በጥር 1 በእነሱ አቆጣጠር ከፍ ይላል። ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ሰው በዓሉን ላለማበላሸት ሕመሙን ችሎ መቀመጡ ነው። ይኼ የእኛም ጠባይ ነው።

ኢድ ላይስ? እኛ አንጠጣም።

መጠጡ አለመኖሩ ትልቅ ነገር ነው። የረመዳን ጾም ግን የቀን ስለሆነ ችግሩ ከኢድ በፊት በየማታው ሊጀምር ይችላል፤ ሳምቡሳው፣ ጣፋጩ፣ ለስላሳው በባዶ ሆድ ሲገባ ማለት ነው። በኢድ ቀን ደግሞ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ይጠንቀቁ። የመድኃኒት ሰዓት ወደ ሱሁርና ወደ ኢፍጣር ተዛውሮ ከነበረ፣ ኢድ ሲገባ እንዴት እንደሚመለስ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጨጓራ ይሁን ልብ በምን አውቃለሁ?

ሁሉን ነገር የጻፍኩት እዚህ ለመድረስ ነው። ቤት ውስጥ ሆኖ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ሐኪሞቹም ያለ ኢሲጂና ያለ ደም ምርመራ አይለዩትም።

ቃር ብዙውን ጊዜ ያቃጥላል፣ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ አፍ ይጎመዝዛል፣ ሲጋደሙ ይብሳል፣ የጨጓራ መድኃኒት ሲወሰድ ይሻለዋል። ልብ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ይጫናል፣ ይጨመድዳል፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያመጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ግን የልብ ሕመም ሆኖ ከእምብርት በላይ ብቻ የሚያምበት፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ብቻ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ሴቶችና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ደረት ሳያም ድካምና ላብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ማድቤት የቆመች እናት «ደክሞኝ ነው» ስትል ማንም አይጠረጥርም። ጠርጥሩ። «ብርድ መትቶኝ ነው» የሚለውንም ጠርጥሩ።

ከ10 ደቂቃ በላይ የቆየ የደረት ጫና፣ ወይም ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ የሆድ ሕመም ካለ ልብ ነው ብላችሁ ተነሱ። ጨጓራ ሆኖ ከተገኘ የጠፋው የታክሲ ብር ነው። ልብ ከሆነ ግን በየደቂቃው ጡንቻ እየሞተ ነው፤ የተዘጋውን የደም ስር መክፈት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

በዓል ነው፣ ሐኪም ቤት ዝግ አይደለም እንዴ?

ተመላላሽ ክፍሉ ይዘጋ ይሆናል፣ ድንገተኛ ክፍሉ ግን በዓል የለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አዲስ አበባ ላይ 939ም አለ። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳውዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። በሽተኛው ራሱ መኪና አይንዳ። ምግብና ውሃ አትስጡት፣ አስቀምጡትና ልብሱን አላሉለት፣ የሚወስዳቸውን ኪኒኖች በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ቤት ውስጥ አንድ የማይጠጣ ሾፌር ይኑር። አጎቴ በታመመበት ቀን እኛ ቤት መኪና ያላቸው ሦስቱም ጠጥተው ነበር፤ መንዳት የሚችል ሰው ፍለጋ ብቻ አርባ ደቂቃ ሄዷል። አሁን በየበዓሉ ተራ እናወጣለን። የዘንድሮ ፋሲካ ተራው የእኔ ነው።